የጋሽ ይልማ ቦታ

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ሲገቡ ጉዲሳ ሰው የሞተ መሰለው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከነሙሉ ልብሳቸው፣ ሳይደውሉ መጡ። ሚኒሶታ፣ ሆፕኪንስ ከተማ ውስጥ ሳይደውል በር የሚያንኳኳ ያገር ሰው ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ነው። እናትና አባቱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲሳሳቁ ነው የዋሉት። እንግዲህ መርዶ ነው አለ በሆዱ።

አባቱ ጎንፋ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ሶፋውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገ። እናቱ ፈነት ጉዲሳን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ እሱም ስፕራይት በብርጭቆ ቀድቶ በትሪ አዞረ። ጋሽ ቦጋለ ዋናውን ወንበር ያዙ፤ ኦቦ ኤዶሳ ከጎናቸው ተቀመጡ፤ ሦስተኛው ሰውዬ ለቁጥር ማሟያ የመጡ ይመስል ከስፕራይቱ በቀር ምንም ነገር አልነኩም። ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ መንገድ ሥራው ተወራ። የቤተ ክርስቲያኑ ማይክሮፎን ለምን እንደሚጮህ ተወራ። ጉዲሳ ግድግዳውን ተደግፎ «ኧረ ማን ሞተ በሉን!» ሊል ምንም አልቀረውም።

በመጨረሻ ጋሽ ቦጋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ወንድም ጎንፋ፣ የመጣነው ልጅህን ልንለምን ነው።»

«ልጄን?» ጎንፋ ወደ ጉዲሳ ዞረ። «ምን አጠፋ?»

«ምንም! ጌታ ይባርከው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ነገሩ የኳሱ ነው። የላከን ወንድም ይልማ ነው።»

ጉዲሳ አሁን ገባው። ገባውና ትሪውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

ኳሱ ያው የምታውቁት ኳስ አይደለም። የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው፤ ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ፣ ሜዳውም ሞላላ፣ በየጫፉ አራት አራት ቋሚ፣ በረኛ የሚባል የለ። በእግርም ይመታል፣ በቡጢም ይመታል፤ ሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ ኳስ ከአየር ላይ መቅለብ ጥፋት መሆኑ ቀርቶ ይጨበጨብለታል። ሚኒሶታ ውስጥ ይህን የሚጫወት ቡድን አለ ቢባል ማን ያምናል? ግን አለ፤ ስሙም ሄረንስ ነው። ፍሪድሊ በሚባል ከተማ የሕክምና ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ የሚኖር ግሌን የሚባል አውስትራሊያዊ አቋቋመው። እዚያው ፋብሪካ አጠገቡ የሚሠራው ጋሽ ይልማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገባበት።

ሰባት ዓመት ተጫወቱ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ተደበደቡ ማለት ይቀላል። ሁሉም ወደ አርባ የተጠጉ፣ ጉልበታቸውን በፋሻ የጠቀለሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከሌላ ከተማ የሚመጡት ጎረምሶች እየዘለሏቸው ያልፉ ነበር። በፈረንጆቹ 2006 መጀመሪያ ላይ ግሌን «በቃ፣ የተጫዋቾቹን ሊስት እንደ አዲስ እንሠራለን፤ በልጆች» አለ። ልጆቹን ማን ያምጣ ሲባል እጁን ያወጣው ጋሽ ይልማ ራሱ ነው።

ጉዲሳን ያገኘው ከአፓርትመንታቸው ጀርባ ባስኬትቦል ሲጫወት ነው። መኪናውን አቁሞ ወረደና «አንተ ልጅ፣ እንዲህ መዝለል ማን አስተማረህ?» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰመሩን በሙሉ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ አሠለጠነው። ኳሷን ከእጁ እንዴት እንደሚለቅ፣ እግሩ የት ላይ እንደሚያገኛት፣ ሲወድቅ እንዴት እንደሚወድቅ። «ሜዳ ላይ አንቱታ የለም፣ ይልማ በለኝ» ይለዋል፤ ጉዲሳ አንቱታውን ተወ፣ ጋሽን ግን መተው አቃተው። ባለፈው ሐሙስ ግሌን ኦክቶበር ላይ ቡድኖች ሁሉ ለሚገናኙበት ውድድር ሃያ ሁለት ስም አነበበ። ጉዲሳ አለበት። ይልማ የለበትም። በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የለበትም።

«ልጁን ያስገባው እሱ» አሉ ጋሽ ቦጋለ ጣታቸውን እያጠፉ፣ «ያስተማረው እሱ። አሁን ልጁ በሱ ቦታ ገባ፣ እሱ ወጣ። ይሄ ደግ ነው ወይ? ጉዲሳ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ገና ምኑን አይቶ! ለአንድ ዓመት ታግሦ ቢለቅለት ምን ይጎዳል?»

ጉዲሳ አፉ ላይ የመጣለት እንግሊዝኛ ነበር፤ ዋጠውና በአማርኛ ሞከረ። «በሱ ቦታ አይደለም የገባሁት። ሊስት ነው። ኮቹ ነው ሴሌክት የሚያደርገው።»

«ኮቹ ሰው አይደለም?» አሉ ኦቦ ኤዶሳ። «ሰው ከሆነ ይለመናል። እንዲያውም ትናንት ጠዋት ቤቱ ድረስ ሄደን ነበር።»

ጉዲሳ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ግሌን ቤት?»

«ፍሪድሊ ድረስ! አንኳኳን፣ ወጣ። ገና ወንድም ቦጋለ ‹በጌታ ስም ሰላም ለዚህ ቤት› ከማለታቸው፣ ‹አመሰግናለሁ፣ ሃይማኖት አለኝ› ብሎ በሩን ዘጋብን። አስተዳደግ የሌለው!»

ፈነት ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሰው በር የሚያንኳኩ ሦስት ሰዎች አሜሪካ ውስጥ የቤት ለቤት ሰባኪ እንደሚመስሉ ከሽማግሌዎቹ በስተቀር ሁሉም ያውቃል። ሌላ ቀን ቢሆን ጉዲሳም በሳቀ ነበር። አሁን ግን ዓይኑ አባቱ ላይ ነው። ጎንፋ አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ያፍተለትላል። ከስድስት ዓመት በፊት ቤተሰቡ ሲመጣ ኤርፖርት የተቀበሏቸው፣ ይህን አፓርትመንት የፈለጉላቸው፣ ጎንፋን ሥራ ያስገቡት እነዚህ ሰዎች ናቸው። እምቢ የሚልበት አፍ የለውም።

«እናንተ ከመጣችሁ ምን እላለሁ?» አለ ጎንፋ። «ይሁን። ይለቅለታል።»

ይለቅለታል! ልጁ አጠገቡ ቆሞ፣ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየው። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ። ጋሽ ቦጋለ የጉዲሳን ራስ ዳበስ አድርገው «አንድ ዓመት ምን አላት? ሳታስባት ታልፋለች» አሉት። ጉዲሳ «አሜን» አለ፤ እንደዚያ ነው የሚባለው። 

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ግሌንን ለብቻው ያዘው። ቢያንስ ነገሩ እውነት ይሁን ብሎ ነው፤ የሚለቅ ከሆነ ጋሽ ይልማ በእርግጥ ይመለስ።

«እኔ ብወጣ ይልማ ይገባል?»

ግሌን ላቡን በቲሸርቱ ጠረገ። «አይገባም» አለው። «ይልማ ወንድሜ ነው፤ ጉልበቱ ግን አልቋል። አምና ሁለት ጊዜ ተሸክመን ነው ከሜዳ ያወጣነው። እኔ አሁን የምሠራው ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያሸንፍ ቡድን ነው። አንተ ብትወጣ ከዉድበሪ ከተማ የሚመጣው ልጅ ታይለር ይገባል። ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እንዲሁ።»

ግሌን ትከሻውን መታ መታ አደረገና አንድ ወረቀት ሰጠው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሁሉ ወላጅ የፈረመበት ፈቃድ ያምጣ ይላል፤ እስከ ሐሙስ።

ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሲሄዱ ኤርሚ «ምን ሆነሃል? ፊትህ ጠቁሯል» አለው። ኤርሚም ከአዲሶቹ ተጫዋቾች አንዱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ። ጉዲሳ ሁሉንም ነገረው። በሩ ሽማግሌዎቹ ላይ የተዘጋበት ጋ ሲደርስ ኤርሚ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እና ለዚህ ነው የምትጨናነቀው? ፋራ አትሁን ባክህ! ጫር ጫር አድርጎ መፈረም ነዋ። የኔን ማን የፈረመው መሰለህ? ማዘር ወረቀቱን አላየችውም እኮ።»

«አባቴ ቃል ሰጥቷል።»

«ፋዘር ሰጠ፤ አንተ ሰጠህ?»

 አውቶቡሱ መጣ፤ ገብተው ተቀመጡ፤ ኤርሚ ስለ ሌላ ነገር ያወራ ነበር፣ እሱ ግን አንድም ቃል አልሰማም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጋሽ ይልማ መኪና ፓርኪንጉ ውስጥ ቆማለች። ጋሽ ይልማ የሚኖረው ቀጥሎ ባለው ሕንፃ ነው፤ ከሥራ ገብቷል፣ ግን አልወረደም። የሥራ ባጁ አንገቱ ላይ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ጉዲሳ መስታወቱን አንኳኳ።

«ግባ» አለው፤ በሩን ከውስጥ ከፈተለት።

ጉዲሳ ገባ። እንዴት እንደሚጀምር ከአውቶቡሱ ጀምሮ ሲያጠና መጥቶ ነበር፤ ሁሉም ጠፋበት።

«ጋሽ ይልማ፣ ኮቹን ጠየቅሁት። እኔ ብለቅም አንተን አይመልስህም።»

«አውቃለሁ።»

«ታይለር ነው የሚገባው። የዉድበሪው ልጅ።»

«አውቃለሁ አልኩህ። ሊስቱ ከመነበቡ በፊት ጠርቶ ነግሮኛል።»

ጉዲሳ ዞሮ አየው። የሚቀልድ መስሎት ነበር። «ታዲያ ሽማግሌ ለምን ላክህ?»

መኪናዋ ቆማለች፣ ሞተሯም ጠፍቷል፤ ጋሽ ይልማ ግን መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ፊቱን ያያል።

«ያንን ሜዳ በየቅዳሜው ያሰመርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሰባት ዓመት! ሰዉ ‹አርባ ዓመት ሞልቶህ ምን ያዘልልሃል› እያለ ሲስቅብኝ። ጉልበቴ አብጦ ሰኞ ሰኞ ሥራ ላይ መቆም ሲያቅተኝ። ልጆች አምጣ አለኝ፣ አመጣሁ። የሚያግዙኝ መስሎኝ ነው እንጂ የሚያስወጡኝ መስሎኝ ነው? ደግሞ ምርጡን መርጬ አመጣሁለት። ሞኝ!»

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።» መሪውን ለቀቀው። «አንተ ምንም አላጠፋህም። ታይለር ሲጫወት ባይ አይቆጨኝም፤ አላስተማርኩትማ። አንተን ግን ማየት አልችልም። ስትዘል እያንዳንዷን ነገር አውቃታለሁ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁህ። ስለዚህ ሌላ ሰው ይሁን አልኩ። ይሄው ነው። እውነቱን ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ።»

ጉዲሳ ወረደ። በሩን በኃይል ሊያጋጨው አስቦ ነበር፤ ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ራሱም አልገባውም። ደረጃው ላይ ሲደርስ እንባው መጣ። ከንዴት የመጣ እንባ ነው። ያንን ሰውዬ እኮ ይወደዋል! ካባቱ ቀጥሎ በዓለም ላይ የሚያምነው ሰው እሱ ነበር።

ቤት ሲገባ አባቱ ለማታ ሥራው ምሳ ዕቃውን እያዘጋጀ ነው። ጉዲሳ ቦርሳውን ሳያወርድ የሰማውን በሙሉ ተናገረ፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ጎንፋ የምሳ ዕቃውን ክዳን ይዞ ቀረ።

«ሰው እንዲህ ያደርጋል?» አለ። «ሽማግሌ አታሎ ይልካል? ጋሽ ቦጋለን የሚያህል ሰው! ወይ ይልማ!»

«ስለዚህ ትፈርምልኛለህ?» ጉዲሳ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ጎንፋ ወረቀቱን አየ፤ መልሶ ክዳኑን አየ። ክዳኑን ገጠመ፣ ከፈተ፣ ደግሞ ገጠመ።

«ቃል ሰጥቻለሁ እኮ» አለ በመጨረሻ። «ምን ብዬ ነው የምመልሰው? ይልማ ዋሽቷችኋል ልበል? እሱንም ማዋረድ፣ እነሱንም ማዋረድ። በየእሑዱ ፊት ለፊት የምንተያይ ሰዎች ነን።»

«እኔስ?»

ጎንፋ ወደ ኩሽናው አየ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተው ፈርመው» አለ። «እስከ ዛሬስ ማን ነበር የሚፈርመው?»

እውነቱን ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀት የሚያነበው ጉዲሳ፣ የሚሞላው ጉዲሳ፣ «ጎንፋ» ብሎ የሚፈርመውም ጉዲሳ ነው። አባቱ ማታ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፣ እንግሊዝኛውም አስቸጋሪ ነው፤ በዚህ ቤት «አንተው ፈርመው» ማለት ደህና ዋል እንደማለት ነው። የጎንፋን ፊርማ ከጎንፋ አሳምሮ ይፈርማል።

«ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁህ ምን ትላለህ?»

«ልጁ አልሰማ አለኝ እላለኋ። ጎረምሳ ነው ይሉና ይረሱታል።»

«ጎንፋ!» አለች ፈነት ከኩሽናው። ጎንፋ ወደ እሷ አልዞረም።

ጉዲሳ አባቱን ትክ ብሎ አየው። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ልጁን ሊጠቅመው ነው፤ እንዲጫወትለት ይፈልጋል። ግን ቃሉን የሰጠው እሱ ሆኖ የሚያፈርሰው ልጁ ሊሆን ነው፤ በዚያ ሁሉ ምእመን ፊት ሰው የማይሰማ ስድ የሚባለው ልጁ ሊሆን ነው። ጋሽ ይልማ ነገሩን ሽማግሌዎቹ ላይ ጣለው፣ ሽማግሌዎቹ አባቱ ላይ፣ አባቱ አሁን እሱ ላይ። ጉዲሳ በጣም ደከመው።

«ያንተን ስም አልፈርምም» አለ፤ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጥ። «ከፈቀድክ አንተ ፈርም። ካልፈቀድክም አልፈቀድክም ማለት ነው። ወረቀቱ እዚህ ነው።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ወደ ክፍሉ ገባ። ትንሽ ቆይቶ አባቱ ወደ ሥራ ሲወጣ በሩ ሲዘጋ ሰማ።

ሐሙስ ከትምህርት ሲመለስ ወረቀቱ እዚያው ነበር፤ እስክሪብቶውም እላዩ ላይ። አባቱ አጠገቡ ሁለት ሙዝ አስቀምጦለታል፤ ልምምድ በባዶ ሆድ አይሆንም ብሎ። ጉዲሳ ሙዞቹን አየ። ባዶውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሙዞቹን እዚያው ተዋቸው።

ሜዳው ላይ ግሌን ወረቀት እየተቀበለ ፎልደር ውስጥ ይከታል። የጉዲሳን ዘረጋና አገላበጠው።

«አባትህ ረስቶት ነው?» አለው። «ችግር የለም፣ እስከ ነገ እጠብቅሃለሁ።»

ከግሌን ኋላ ኤርሚ እስክሪብቶ እያወዛወዘ በዓይኑ ይጠቅሰዋል። አዎ ረስቶት ነው ማለት ብቻ ነበር የቀረው። አንድ ትንሽ ቃል፤ ማንንም የማትጎዳ።

«አልረሳም» አለ ጉዲሳ። «አልፈቀደም።»

ግሌን ምክንያቱን እስኪነግረው ጠበቀ። የጋሽ ይልማ ስም ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ ቢናገር እኮ ግሌን ሰውዬውን ሁለተኛ በሜዳው አጠገብ አያሳልፈውም። አልተናገረም። አዝኖለት አይደለም፤ አላዘነለትም። ነገርን ሌላ ሰው ላይ ጥሎ መሄድን በዚህ ሳምንት አይቶ ጠግቧል።

«ያሳዝናል» አለ ግሌን። የጉዲሳን ስም ከሊስቱ ሰረዘና ከሥሩ ሌላ ስም ጻፈ፤ ጊዜ አልወሰደበትም። «ለልምምዱ ትቆያለህ? ለከርሞ እፈልግሃለሁ።»

«እቆያለሁ።»

«እንግዲያው ታይለርን ያዝልኝ። ቁመቱ ግሩም ነው፣ መቼ እንደሚዘል ግን አያውቅም። ከአንተ የተሻለ የሚያሳየው የለም።»

ታይለር ከዳር ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ጭራሮ የመሰለ፣ ፊቱ ነጠብጣብ የሞላበት ልጅ ነው። «ቦታህ መሆኑን አላወቅሁም ነበር፤ ይቅርታ» አለው፤ ከልቡ ነው ያለው። እንዲያውም ያ ነው ጉዲሳን የባሰ ያበሸቀው።

ኳሷን ከመሬት አነሣ። አሳስተህ አሳየው አለው ውስጡ። ትንሽ ቀድመህ ዝለል ብትለው ይበቃዋል፤ ኦክቶበር ላይ ኳሷ በአናቱ ታልፋለች፣ ግሌንም ጉዲሳ በነበረ ይላል። ማን ያውቃል? ጋሽ ይልማ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያለው ነገር አሁን፣ ሳይፈልግ፣ ከነሕመሙ ገባው። መግባቱ ራሱ አናደደው። ይህ ልጅ ግን አንድ ቃል ብቻ እየጠበቀ ፊቱ ቆሟል።

«ስትወጣ አትከተላት» አለው በመጨረሻ። «መውረድ እስክትጀምር ጠብቅ። ከዚያ ጉልበትህን አስቀድመህ ውጣ።»

ወደ ላይ መታለት። ታይለር ዘለለ፣ ሳተ። ሁለተኛም ዘለለ፣ ሳተ፤ በጎኑ ወደቀና እየሳቀ ተነሣ። በሦስተኛው በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዛት።

«አየህ? አየህ?» አለ እየጮኸ።

«አየሁ» አለ ጉዲሳ፤ እጁን ለኳሷ ዘረጋ። «እንደገና።»